የሰካራሙ ነፃ ፈቃድ ከወንድሜ ሕይወት ለምን በለጠ?

ጠያቂው | ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ አምስት ወር ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። ዛሬ ላውጣው።

ታናሽ ወንድሜን ማታ ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጨው። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ነበር። ሹፌሩ ጠጥቷል። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነበር። ዕቃዎቹን በላስቲክ አድርገው ሰጡን፤ ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ የተጀመረ ማስቲካ፣ ስልክ። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ደንዝዘን ቁጭ ብለን ሳለ ላስቲኩ ውስጥ ደወል ጮኸ። ለ11፡30 የሞላው የማንቂያ ደወል ነው። ላጠፋው ተነሳሁ። እናቴ እጄን ይዛ «ተወው፣ ይጩህ» አለችኝ። ባትሪው እስኪያልቅ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ጮኸ።

ሊያጽናኑን ከመጡት መካከል አንድ የማከብረው አገልጋይ ነበር። «እግዚአብሔር ለሰው ነፃ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሹፌሩ በፈቃዱ ጠጣ፣ በፈቃዱ ነዳ፤ እግዚአብሔር ደግሞ የሰውን ፈቃድ አይነካም» አለኝ። አንገቴን ነቅንቄ ዝም አልኩ። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድሜስ ፈቃድ አልነበረውም እንዴ? እሱም እኮ ቤቱ መግባት ፈልጎ ነበር። ሁለት ፈቃዶች መንገድ ላይ ተገናኙ፣ እግዚአብሔር የአንደኛውን አከበረ። ለምን የሰካራሙን? ጎማው ቢፈነዳ፣ ሞተሩ አልነሳም ቢል፣ ወንድሜ ጫማውን ለማሰር አንድ ደቂቃ ጎንበስ ቢል የማን ነፃነት ይነካ ነበር?

አሁንም እጸልያለሁ። ግን እንደ ድሮው አይደለም። እባካችሁ ጥቅስ ለጥፋችሁ ብቻ አትሂዱ።

አለት | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አገልጋዩ የነገረህ ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ ምናልባት ሰዓቱን አልመረጠም ይሆናል።

እስቲ እንዲህ አስበው። ቢላዋ ገመድ ሲቆርጥ ስለታም ሆኖ፣ ሰው ሊወጉበት ሲሉ ላባ የሚሆንበት ዓለም ቢኖር። ድንጋይ ለመሠረት ጠንካራ፣ ሰው ላይ ሲወረወር ጥጥ ቢሆን። የሐሰት ምስክርነት ከአፍ ሲወጣ ድምፁ ቢጠፋ። እንዲህ ባለ ዓለም ማንም ማንንም አይጎዳም። ግን ማንም ማንንም ከምር ሊወድም አይችልም፤ ምርጫው ሁሉ ውጤት የለውማ። ዘዳግም 30 ላይ ሕይወትና ሞት፣ በረከትና መርገም በፊትህ ነው ይላል። ሲራክም እሳትና ውኃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ ይላል። እሳቱ የማያቃጥል ከሆነ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው።

ጎማውን ማፈንዳት ይችል ነበር ላልከው፤ አዎ፣ ይችል ነበር። ግን አንዴ ከጀመረ የት ያቆማል? ለአንተ ወንድም ካደረገ ለሁሉም ወንድም ማድረግ አለበት። ለሁሉም ካደረገ ጠጥቶ መንዳት ጥፋት መሆኑ ራሱ ይቀራል።

የማታ ተረኛ | ሰኞ፣ ሌሊት 6፡50

ጠያቂው፣ ወንድሜ፣ የደወሉ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ነርስ ነኝ። የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነው የምሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ።

አለት፣ ያልከው ነገር ለሰው ክፋት ያስኬድ ይሆናል። እኔ የማየውን ግን ማን መረጠው? ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችን፣ የደም ካንሰር ይዟታል። ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ ጠብታውን ትቆጥራለች። 100 ላይ ስትደርሺ እንቅልፍ ይወስድሻል ብያት ነበር፤ አሁን ከ100 በላይ መቁጠር ተምራለች። ባለፈው ሳምንት «ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ሴሎች ሲባዙ አንድ ቦታ ላይ ስህተት ተፈጠረ፣ ስህተቱ ተባዛ፣ በቃ። የሷም፣ የእናቷም፣ የማንም ፈቃድ የለበትም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ሊዝበን በምድር መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር። ጠዋት ነው፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል። ጣሪያው ሊጸልዩ በመጡት ላይ ወደቀ። ከተረፉት ብዙዎቹን እሳቱና የባሕሩ ማዕበል ጨረሳቸው። እዚያ ውስጥ ነፃ ፈቃድ የቱ ጋ ነው?

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የልጅቷን ጥያቄ ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀውታል፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ያጠፉት ብለው። ጌታ «እሱም ወላጆቹም አይደሉም» አላቸው። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች የሞቱ ጊዜም ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ስለነበሩ አይመስላችሁ ብሏል። ለምን እንደሆነ ሁሉን አልነገረንም። ግን አንዱን በር ዘግቶታል፤ የተጎዳው ስላጠፋ ነው የሚለውን። ለልጅቷ ያንን ነገርኳት። «ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። «እሺ» ብላ ቆጠራዋን ቀጠለች።

ነጠላ ሰረዝ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

እኔ ከእምነት ከወጣሁ አሥር ዓመት አልፎኛል፣ በቅድሚያ ይታወቅልኝ። ልሳለቅ አልመጣሁም። ጠያቂው የጻፈው እኔንም ከወሰደኝ ቦታ ቅርብ ነው።

«እግዚአብሔር የሰውን ፈቃድ አይነካም» የሚለው አባባል ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይገጥምም። ሳውል ክርስቲያኖችን ሊያስር ወደ ደማስቆ ሲገሰግስ መንገድ ላይ ተጣለ፣ ዓይኑ ጠፋ፣ በሰው እጅ እየተመራ ገባ። ማን ፈቃዱን ጠየቀው? ታዲያ የደማስቆን መንገደኛ በመንገድ ላይ ማስቆም የተቻለው የወንድምህን ገዳይ ለምን አላስቆመም?

ከዚህ የባሰው ሐዋርያት ሥራ 12 ነው። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ዝቅ ስትሉ ጴጥሮስ በሁለት ወታደሮች መካከል ታስሮ ተኝቷል፤ መልአክ ይመጣል፣ ሰንሰለቱ ይወልቃል፣ የብረቱ በር በራሱ ይከፈታል። ያው ንጉሥ፣ ያው ከተማ። ዮሐንስ ያን ሌሊት ስለ ወንድሙ ምን አሰበ? ማንም አልጻፈውም።

ሊያስቀር ፈልጎ ካልቻለ ደካማ ነው፣ ችሎ ካልፈለገ ክፉ ነው፣ ከፈለገም ከቻለም ክፋት ከየት መጣ? ጥያቄው በጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ በኤፒኩሮስ ስም ነው የሚታወቀው። በጽሑፍ ያቆየልን ግን ላክታንቲዮስ የሚባል ክርስቲያን ነው፣ ሊመልሰው ብሎ ጠቅሶት። መልሱን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ግን ሁሉም ዘንድ አለ።

የሸክላ ዕቃ | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

ነገሩን አታወሳስቡት። ሸክላ ሠሪው በጭቃው ላይ ሥልጣን አለው፣ ሮሜ 9። የሰው ዕድሜ የተቆረጠ ነው፤ የወንድምህ ቀኑ ደርሶ ነው። ሹፌሩ ባይሆን በሌላ ይሄድ ነበር። ለምን ብሎ መጠየቅ በራሱ አለማመን ነው።

ጠያቂው | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ቀኑ ደርሶ ከሆነ ሹፌሩን ለምን ይከሱታል? ከምር ንገረኝ። እግዚአብሔር የቆረጠውን ቀን የፈጸመ መልእክተኛ ነዋ! እጁን ጨብጬ ላመስግነው?

አምስት ወር ሙሉ ይህን ነው የምሰማው። አንዱ ይመጣና እግዚአብሔር አልገባበትም፣ የሰው ፈቃድ ነው ይለኛል። ሌላው ይመጣና ከዘላለም የወሰነው ነው ይለኛል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ አንዳንዴ አንዱ ሰውዬ ራሱ። የትኛው ነው?

የማታ ተረኛ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡35

የሸክላ ዕቃ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ አለማመን ከሆነ ግማሹን መዝሙረ ዳዊት ቅደደው። ዕንባቆም «እስከ መቼ» ብሎ ነው የጀመረው። የኢዮብ ወዳጆች አንተ የምትለውን ዓይነት ነገር በሚያምር ቋንቋ ብለውት ነበር፤ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፣ በጠያቂው አይደለም። ወዳጆቹ የሠሩት አንድ ትክክለኛ ነገር ቢኖር መጀመሪያ ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ማለታቸው ነው። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ዘመን ያየ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ልጆቼ፣ ከጡረታ ወዲህ የማነበው ይህን ብቻ ስለሆነ ጥቂት ልበል።

ጠያቂው ልጄ፣ «የትኛው ነው?» ያልከው ጥያቄ ሊቃውንቱንም ሲያጣላ የኖረ ነው። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1524 እ.ኤ.አ. ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ብሎ ጻፈ፤ የፕሮቴስታንት ተሃድሶ መሪው ሉተር በዓመቱ ፈቃዱ የታሰረ ነው ብሎ መለሰለት። ከዚያ በፊት የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስና አስተማሪው ፔላግዮስ ነበሩ። ፔላግዮስ ሰው በራሱ ኃይል መልካም ሊሆን ይችላል አለ፣ በ418 እ.ኤ.አ. የካርቴጅ ጉባኤ አወገዘው። የምሥራቅ አባቶች ደግሞ ጸጋና ፈቃድ አብረው ይሠራሉ ብለው መሃሉን ያዙ። እኔ ለእነሱ አደላለሁ።

አንድ ነገር ግን መለየት ይቻላል፤ ማወቅና ማድረግ ይለያያሉ። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲዮስ የሞት ፍርድ የሚጠብቅ እስረኛ ሆኖ ይህንኑ ሲያስብ ነበር። ሰው ሲራመድ ባይ፣ ማየቴ አያራምደውም። እግዚአብሔር ነገን ያያል ማለት ነገን ይገፋል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ጠጥቶ የነዳው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ፍርድ ቤት ማቅረባችሁም ልክ ነው።

አውግስጢኖስ ሌላም ነገር ብሏል፤ ክፋት በራሱ የቆመ ነገር አይደለም፣ የመልካም መጉደል ነው፣ ልብስ ላይ እንዳለ ቀዳዳ። ወጣት ሆኜ ይህን ሳነብ ሁሉም ነገር የበራልኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ እንደገና አነበብኩት። እውነት ነው አሁንም። ግን ቀዳዳ ነው ሲሉኝ ብርዱ አይቀንስልኝም።

ነጠላ ሰረዝ ያነሳኸው የያዕቆብና የጴጥሮስ ነገር ትልቅ ጥያቄ ነው። መልስ የለኝም። የጻፈው ሉቃስም መልስ ቢኖረው ይጽፈው ነበር። የማከብረው ያዕቆብን ሳይደብቅ ከጴጥሮስ ጎን ማስቀመጡን ነው።

ነጠላ ሰረዝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡45

እርስዎ እንዲህ በግልጽ ስለሚናገሩ ደስ ይለኛል። ግን ፈቃድ ስንል ራሱ ምን ማለታችን ነው? ሊቤት የሚባል ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ሰዎች ጣታቸውን ሊያንቀሳቅሱ «አሁን ወሰንኩ» ከሚሉበት ቅጽበት በፊት አንጎላቸው መዘጋጀት ጀምሮ አገኘው፣ ከሴኮንድ ባነሰ ልዩነት። ምርጫ የምንለው ነገር ከኋላ የሚመጣ ዜና ቢሆንስ?

ዘመን ያየ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ልጄ፣ ጣት ማንቀሳቀስና ሰውን ይቅር ማለት አንድ ዓይነት ነገር አይመስለኝም። እኔ አባቴን ይቅር ለማለት 11 ዓመት ፈጅቶብኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የወሰንኩባት ሴኮንድ የቷ እንደሆነች ማንም መሣሪያ የሚያገኛት አይመስለኝም። በነገራችን ላይ ያንን የአንጎል ምልክት በተመለከተ በኋላ የተነሱ ተመራማሪዎች ውሳኔ ላይሆን ይችላል፣ የተለመደው የአንጎል መዋዠቅ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ አላለቀም።

አዲስ ገቢ | ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡30

ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ። ጠያቂው፣ ብትሰድበኝ መብትህ ነው።

እኔ ጠጥቼ እነዳ ነበር። አንድ ቀን አይደለም፣ ለዓመታት። ማንንም አልገጨሁም። በጥንቃቄዬ ግን አይደለም። አንድ ሌሊት ራሴን መኪና ውስጥ አገኘሁት፣ ቤቴ በር ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ወረድኩ። የግራው የፊት መብራት ተሰብሯል። ኮፈኑን በመዳፌ ዳበስኩት። ደም እየፈለግኩ ነበር። በስልኬ መብራት ጎማውን አየሁ፣ ሆዴ መሬት ላይ ተኝቼ ከሥር አየሁ። በመጨረሻ ነጭ ቀለም አገኘሁ፣ የግንብ ቀለም። ግንብ ነው የመታሁት። እዚያው መሬት ላይ እንደተኛሁ አለቀስኩ፣ ለእግዚአብሔር ማልኩ። በማግስቱ ማታ ጠጣሁ።

ነፃ ነበርክ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምን እላለሁ? የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳነሳ አዎ። ሰባተኛው ላይ እጄ የኔ አልነበረም። ግን ሰባተኛው ጋ ያደረሰኝ እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም። አባባ ስለ አውግስጢኖስ ጠቀሱ፤ እኔ ከሱ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ሳገግም የሚረዳኝ ሰው ነው ያነበበልኝ። ፈቃድ ሲጣመም ምኞት ይሆናል፣ ለምኞት ስትገዛ ልማድ ይሆናል፣ ልማድን ካልተቃወምከው ግዴታ ይሆናል። ሰንሰለት ነው፣ ቀለበቱ እርስ በርሱ የተያያዘ። ይህን ሲያነብልኝ ማን ስለኔ ነገረው አልኩ። ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት የሠራሁት እኔ ነኝ። መፍታት ግን አልቻልኩም። ጳውሎስም የማልወደውን ክፉ አደርጋለሁ፣ የምወደውን በጎ አላደርግም ያለው ይህንኑ ይመስለኛል።

አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። በራሴ ፈቃድ ወጣሁ ብል ውሸት ነው፣ ስንት ጊዜ ሞክሬ ወድቄያለሁ። ያለ ፈቃዴ ወጣሁ ብልም ውሸት ነው፣ በየቀኑ ጠዋት እንቢ የምለው እኔ ነኝ። አለት፣ ሰው እሳትና ውኃ መሃል ቆሞ በእርጋታ የሚመርጥ ይመስልሃል። አንዳንዶቻችን እኮ እጃችን እሳቱ ውስጥ ገብቶ ነው ምረጡ የምንባለው።

የሹፌሩን ጥፋት ላቀል አይደለም። በሕግ ይጠየቅ። ልል የፈለግኩት ይህ ነው፤ እሱ ያደረገውን እኔም አድርጌያለሁ። ልዩነቱ ያን ሌሊት በኔ መንገድ ላይ የቆመው ግንብ መሆኑ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የምነሳው።

አለት | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡20

አዲስ ገቢ፣ ተቀብያለሁ። የጻፍኩት ትክክል ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ፣ ግን ከዳር ቆሜ ነው የጻፍኩት። ሰኞ ማታ ለጠያቂው ቢላዋና ላባ እያልኩ ምሳሌ ከመደርደሬ በፊት ስለ ወንድሙ አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ይሻል ነበር። ጠያቂው፣ ወንድምህ ምን ይሠራ ነበር?

ጠያቂው | ዓርብ፣ ማታ 2፡50

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ስለ ተናደድኩ ነው። ለአዲስ ገቢ ስድብ ጽፌ ነበር። ላኩ የሚለውን ሳልጫን አጠፋሁት።

ኮፈኑን በመዳፌ ዳበስኩት ያልከው ነገር ነው የያዘኝ። የዚያ ሹፌር እጅ ታየኝ። እስከ ዛሬ እጅ እንዳለው ሰው አስቤው አላውቅም፣ መኪና ብቻ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ እያልኩ አይደለም። አላልኩም። ግን ታየኝ።

አለት፣ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሁለት ፎቅ ለመውጣት ሊፍት የሚጠብቅ ሰው ያናድደው ነበር። ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።

የማታ ተረኛ | ዓርብ፣ ማታ 5፡15

ጠያቂው፣ ጥቅስ ብቻ አትለጥፉ ብለሃል። አንዲት ግን ፍቀድልኝ፣ የአንተው ጥያቄ ስለሆነች። አልዓዛር የሞተ ጊዜ ማርታ ወጥታ ጌታን ስትቀበለው ያለችው የመጀመሪያ ቃል «ጌታ ሆይ፣ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» ነው። ሰላምታ የለም፣ ምስጋና የለም። ማርያምም ስትመጣ ያንኑ ቃል ደገመችው። ሁለቱ እህትማማቾች ቤት ውስጥ አራት ቀን ሙሉ እየተባባሉት እንደነበር ያስታውቃል። ሰዎቹም ዕውሩን ያበራ ይህን እንዳይሞት ማድረግ አይችልም ነበር ወይ ብለዋል። የነጠላ ሰረዝ ጥያቄ ነው እንግዲህ፣ ወንጌሉ ውስጥ ያለ።

እሱም ስለ ነፃ ፈቃድ አላስተማራቸውም። ለምን ሁለት ቀን ዘግይቶ እንደመጣም ለማርታ አላስረዳትም። አለቀሰ። ሊያስነሳው እየሄደ፣ እንደሚያስነሳው እያወቀ አለቀሰ። እኔ ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ሲያርፍ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የማለቅሰው በዚህ ምክንያት ነው የማላፍረው። እምነት ማለት አለማልቀስ ቢሆን ኖሮ እሱ ባላለቀሰ ነበር።

ነጠላ ሰረዝ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡30

እህቴ፣ የጻፍሽው ያምራል፣ ከልቤ ነው። ግን አልዓዛር ተነሳ። የጠያቂው ወንድም አልተነሳም። የአንቺ ልጆችም አይነሱም። አብሮ ማልቀስ ትልቅ ነገር ነው፤ ማዳን ግን አይደለም። መስቀሉንም እንዲሁ ነው የማየው፤ እግዚአብሔር ከተሰቃዩት ጋር ተሰቃየ ትላላችሁ። እሺ። የተሰቃዩት ሁለት ሆኑ እንጂ ማን ዳነ?

ዘመን ያየ | ቅዳሜ፣ ማታ 12፡40

ነጠላ ሰረዝ፣ በአንድ ነገር ልክ ነህ፤ አልሸፋፍነውም። አብሮ መሞት ብቻውን ማዳን አይደለም። ጳውሎስ ራሱ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ብሏል። ትንሣኤ ከሌለ አንተ ትክክል ነህ፣ እኔም ለባለቤቴ የማበራው ሻማ ሰም ብቻ ነው። እምነታችን በዚያ ላይ ነው የቆመው እንጂ ክፋትን በሚያስረዳ ክርክር ላይ አይደለም። አልዓዛር እኮ ቆይቶ እንደገና ሞቷል። የተገባልን ተስፋ የአልዓዛር ዓይነት አይደለም።

መስቀሉን ግን እንዲህ አስብልኝ። ጠያቂው ልጄ መጀመሪያ ላይ ለምን የሰካራሙን ፈቃድ አከበረ ብሎ ጠየቀ። ብዙ ቀን አሰብኩበት። ጲላጦስም በፈቃዱ እጁን ታጠበ፣ ሕዝቡም በፈቃዱ ጮኸ፣ ወታደሩም በፈቃዱ ቸነከረ። አንዳቸውም ላይ ጎማ አልፈነዳም። «ከመስቀል ውረድ» ሲሉት አልወረደም። «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ብሎ ጮኸ፣ ከሰማይ መልስ አልመጣለትም። እግዚአብሔር ከሹፌሩ ነፃነት ጎን ቆሞ ወንድምህን ከሩቅ ያየ ይመስለን ነበር። እኔ የማምነው ማቋረጫው ላይ እንደነበረ ነው። ለምን አላስቆመውም ብትለኝ አሁንም አላውቅም። የራሱን ልጅ ጊዜም ያላስቆመ ግን ሲገድሉን ዳር ቆሞ የሚያይ አይደለም እላለሁ። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ለነጠላ ሰረዝ እንደማይበቃው አውቃለሁ። እኔ ይህን ይዤ ነው የምተኛው።

ነጠላ ሰረዝ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡00

አይበቃኝም፣ እውነት ነው። ነፃ ፈቃድ ነው እና ቀኑ ደርሶ ነው ከሚሉኝ ግን ይህኛውን እመርጣለሁ። ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ቶሎ አልወጣም ነበር። አላውቅም።

ጠያቂው | እሑድ፣ ማታ 4፡30

ሁሉንም አነበብኩ። ለእናቴም የማርታን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት» አለች።

ነገ ችሎት አለ። ቤተሰብ መናገር ከፈለገ ይናገራል ብለውናል። እናቴ አልችልም ስላለች እኔ ነኝ የምናገረው። ወረቀት ይዤ ከተቀመጥኩ ሦስት ሰዓት ሆነኝ። የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። «ወንድሜ በየቀኑ 11፡30 ላይ ይነሳ ነበር።» ከዚያ ወዲህ አልሄድ አለኝ።

አዲስ ገቢ | እሑድ፣ ማታ 4፡42

ያቺን መስመር በለው። እኔ ሹፌሩ ብሆን ሌላ ምንም አልሰማም ነበር።

የማታ ተረኛ | እሑድ፣ ማታ 4፡50

ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ጠያቂው | እሑድ፣ ማታ 4፡51

ጠዋት 3።

የማታ ተረኛ | እሑድ፣ ማታ 4፡55

2 ሰዓት ላይ ከተረኝነት እወጣለሁ። ሳልተኛ እጸልያለሁ።

ነጠላ ሰረዝ | እሑድ፣ ማታ 5፡10

እኔ መጸለይ አልችልም። ግን 3 ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። ስትወጣ ጻፍልን።